እጅ መንሳት

ልጄ፣

ባለፈው «እማዬ፣ እሱን ሰላም ካልሽ እኔን አታናግሪኝ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ተናድጄ ነበር። መልሼ ያልደወልኩት ግን ካርዴ አልቆ ነው። ይኸው ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያ ጎረቤታችን አጎትሽን ጠቁሞ አሳስሮታል። 3 ወር ሙሉ ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አልረሳሁም፣ አንቺም እርሺ አልልሽም። ክፉን ክፉ ማለት ኃጢአት አይመስለኝም።

2 ዓመት ስሸሸው ኖርኩ። ቅዳሜ ገበያ ካየሁት ዞሬ በሌላ ተራ እወጣለሁ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳኑ ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች ጠበቋት ይባል የለ? እኔም «ሥላሴ ሆይ፣ ያንን መንጋ በዚህ ሰው ላይ ልቀቅልኝ» እል ነበር። አትሳቂ።

አንድ እሑድ እዚያው ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» አለ፤ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ጎንበስ ጎንበስ ይላል። እኔም አልኩ፣ እሱ ወደቆመበት ብቻ አልዞርኩም። ዓይኔን ላሸሽ ቀና ስል የጣሪያው መላእክት አፈጠጡብኝ። ትዝ ይሉሻል? ልጅ ሆነሽ ትፈሪያቸው ነበር።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ማቴዎስ 5፥44 ነው። እንደ ጎንደር ታቦት አርባ አራት፣ አይጠፋሽም» አሉኝ። ጠላቶቻችሁን ውደዱ የሚለው ነው። «አባቴ፣ ልቤ እንቢ አለኝ» ብላቸው ሦስት ቁጥር ወረድ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ። «ወንድሞቻችሁንም ብቻ እጅ ብትነሡ ምን ብልጫ ታደርጋላችሁ?» ይላል። ስንቴ ሰምቼው ኖሯል፤ ሰላምታ እንደሆነ ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

ደግሞ ጌታ ይህን ሲናገር ለሰሙት ሰዎች ጠላት የሩቅ ነገር አልነበረም። የሮማ ወታደር መንገድ ላይ ይዞ ዕቃ ያሸክማቸዋል። ቀራጩ የገዛ ወገናቸው ነው፣ ቤታቸውን ከነጓዳው የሚያውቅ። ልክ እንደኛው ሰውዬ።

አያትሽ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትል ነበር። እኔ ይህን ተረት ስንት ሰው ላይ ተርቼበታለሁ! እኔው ራሴ ስስል ግን አልሰማሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ደጁ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «እንደምን አደሩ?» አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ደነገጠ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ገባ። በቃ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ ቡናም አልተጠራራንም። ሽማግሌ የተቀመጠ ዕለት የ3 ወሩን ስንቅ አንድ በአንድ እናገራለሁ። አጎትሽ እስከዛሬ አያናግረውም፤ እኔም አላስገድደው። እኔ ግን በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ?» እላለሁ። ስሙንም በጸሎቴ አነሳለሁ፣ አንዳንዴ በግድ።

አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ፌስቡክ ላይ «እነዚህ ሰዎች» እያልሽ የምትለጥፊውን የአክስትሽ ልጅ አሳይታኛለች። «እነዚህ» ካልሻቸው ውስጥ አራስ ቤት ሳለሁ ገንፎ ያገነፉልኝ አሉ። ይህን ብታውቂ ብዬ ነው።

ለጥምቀት ስትመጪ ታቦት ለማጀብ የምናልፈው በሱ ደጅ ነው። ሰላም በዪው አልልሽም። ብቻ እኔ ቆሜ ሰላም ስለው ክንዴን እየጎተትሽ አታስቸኩዪኝ። በርበሬና ሽሮ በሰው ልኬልሻለሁ፤ ሲደርስሽ ደውዪልኝ።

እናትሽ