እንግዳ ተማሪ ለምትቀበሉ

ሰላም የቡድናችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዘንድሮ አማርኛ ሊማሩ ከውጭ የሚመጡ ልጆችን ደብረ ብርሃን ቤታችሁ ለምትቀበሉ ነው። መጀመሪያ የሚፈትናቸው ብርዱ ነው። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ልጆቹ ግን አገሩ ሁሉ ሞቃት መስሏቸው ስስ ጃኬት ይዘው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ጋቢና የመንዝ ባና አልጋው ላይ ቀድማችሁ አስቀምጡ። እኛ ቤት ያረፈችው ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት በብርድ ሳትተኛ እንዳደረች የነገረችን ከሳምንት በኋላ ነው፤ አፍራ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ደግሞ "ብይ በሞቴ" ስንላት እምቢ ማለት ነውር መስሏት ጠግባም ትበላ ነበር፣ ሆዷን እስኪያማት። ሁለቴ ለምኑና ተዉ። ረቡዕና አርብ ጾም መሆኑንም በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። ትርፍ ባና የሌለው ይጻፍልኝ፣ እኔ ጋ አንድ አለ።