ጎጆዋን እስክመለስ እንዳታፈርሷት

ይድረስ ለምወዳችሁ አባዬና እማዬ፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እታለም፣ መቼም የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ቀስ ብለሽ አንብቢ። እንዳለፈው ጊዜ ግማሹን ዘለሽ "ደህና ነኝ ይላል" ብለሽ እንዳትጨርሺው። በስልክ ልነግራችሁ ነበር። ግን ኔትወርኩ ገና "ሃሎ" ስንባባል ይቆረጣል። አባዬም ቢሆን ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ነው ደስ የሚለው።

ወንድሜ ስለ ጎጆዋ የላከው መልእክት ደርሶኛል። አፍርሰን በብሎኬት እንሥራት፣ የቆርቆሮውን አንተ ቻል ነው የሚለው። መልስ የዘገየው ገንዘብ አጥቼ አይደለም። አራት ቀን ሙሉ ተራራ ለተራራ ስዞር ስለነበር ነው። ያየሁትን ሳልነግራችሁ ብመልስ ደግሞ "ይሄ ልጅ ምን ነካው" ትሉኛላችሁ።

እዚህ አዲስ ዓመት ሲገባ አገሩ ሁሉ ይዘጋል። ፋብሪካችንም ዘጋ። ባለፉት ዓመታት ይህን ዕረፍት ቶኪዮ ቤቴ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር የማሳልፈው። ዘንድሮ ሰለቸኝ። ታኅሣሥ 25 ሌሊት ተነሥቼ በባቡር ወደ ናጎያ፣ ከዚያ ወደ ተራራው። አዎ እማዬ፣ ጾም ላይ ነበርኩ። እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ኪሶ የሚባል ሸለቆ ነው። ድሮ ቶኪዮ ኤዶ በምትባልበት ዘመን፣ ከኤዶ ኪዮቶ በተራራው መሀል የሚወስድ ናካሴንዶ የሚባል መንገድ ነበር። 69 የማረፊያ ከተሞች ነበሩት። ሰው በእግሩ፣ ዕቃ በፈረስ። የኛን የሲራራ ነጋዴ መንገድ አስቡት። ከነዚያ ከተሞች ሁለቱን፣ ማጎሜንና ጹማጎን የሚያገናኘው 8 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዛሬም በእግር ይኬዳል። ሄድኩበት።

መንገዱ ዳር እየቆየ ደወል ተሰቅሏል። ለድብ ነው። ደውለህ ታልፋለህ፣ ድቡ ሰው መጣ ብሎ ይሸሻል። በበረዶው ወራት ድብ ተኝቶ ነው የሚከርም። እኔ ግን አንዷንም ደወል ሳልደውል አላለፍኩም። ድቡን ፈርቼ ስደውል በረዶውን ረሳሁት መሰለኝ፣ ቁልቁለቱ ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ጫማዬ የቶኪዮ ጫማ ነዋ! አንዲት አሮጊት ከኋላዬ ደርሰው ክንዴን ይዘው አነሡኝ። ዕድሜያቸው የአያቴን ያህላል። እንዳፈርኩ የሚያውቀው እግዜር ነው።

አባዬ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ያሰብኩት አንተን ነው። ሂኖኪ የሚባል ዛፍ አላቸው። ቀጥ ያለ፣ ሽታው የሚጣፍጥ። ከድሮ ጀምሮ ለቤተ መቅደስ የሚፈለገው እሱ ነው። ኢሴ የሚባለው ትልቁ መቅደሳቸው በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፣ እንጨቱም ከዚህ ሸለቆ ይሄዳል። በገዥዎቹ ዘመን ገበሬ ይህን ዛፍ እንዳይቆርጥ ተከልክሎ ነበር። "አንድ ዛፍ፣ አንድ አንገት" ይባል ነበር አሉ። ዛፉን የቆረጠ አንገቱን ይሰጣል። ጭካኔ ነው። ጫካው ግን እስካሁን አለ።

ጹማጎ ስገባ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ በዋናው መንገድ ላይ የመብራት እንጨት የለም። ሽቦውን ከቤቶቹ ጀርባ ደብቀውታል። ሰዎቹ እብድ እንዳይመስሏችሁ። ባቡሩ በሌላ በኩል ሲያልፍ ከተማዋ ደኽይታ፣ ወጣቱ ወጥቶ ነበር። የቀሩት ተሰብስበው ቤቶቹን ለማዳን ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፉት ቃል ሦስት ነገር ይላል፤ አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም። የዚያን ዕለት እንደ ተረት ሰምቼው አለፍኩ።

በማግሥቱ ታካያማ ገባሁ። ከተማዋ ቆንጆ ናት፣ ግን ቱሪስቱ ብዙ ነው። ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ጥቁር የእንጨት ቤት። እማዬን የሚያስቅ ነገር አየሁ። የመጠጥ ጠማቂዎቹ ደጃፍ ላይ ከዛፍ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ድቡልቡል ነገር ይሰቀላል። አዲሱ የሩዝ መጠጥ ሲደርስ አረንጓዴውን ይሰቅላሉ። እየደረቀ ቡናማ ሲሆን መጠጡም እየበሰለ መሄዱ ነው። እኛ ጠላ ቤት ደጃፍ እንጨት ላይ ጣሳ እንደምንሰካው መሆኑ ነው። ጣሳው ግን መድረሱን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። በዚህ በለጡን።

ይህ አገር ሂዳ ይባላል። ድሮ፣ ከሺህ ዓመት በፊት፣ ሂዳ ግብር በእህልና በጨርቅ አይከፍልም ነበር። አናጢ ነው የሚልከው። ቤተ መንግሥቱንና ቤተ መቅደሱን ሄደው ይሠሩ ነበር። አባዬ፣ አንተ እዚህ ተወልደህ ቢሆን ግብርህን በመጥረቢያህ ትከፍል ነበር።

አሁን የጾሙ ነገር። ያደርኩበት ቤት እመቤቲቱ ለራት የሂዳ በሬ ሥጋ ሊያቀርቡልኝ ተሰናድተው ጠበቁኝ። ሥጋው የታወቀ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ዓሣም አልኩ። (እታለም፣ "ዓሣ ይጾማል አይጾምም" የሚለውን ክርክር አሁን እንዳትጀምሪው።) በተሰባበረ ጃፓንኛዬ ነገሩ የሃይማኖት ነው ብዬ ሳስረዳ ፊታቸው በራ። "ሾጂን!" አሉ። የመነኮሳት ምግብ ማለት ነው። ለካ እነሱም ጾም ያውቃሉ። የተራራ ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ አመጡ። ሚሶ የሚባለውን የፈላ አኩሪ አተር ደግሞ ሰፊ የደረቀ ቅጠል ላይ አድርገው፣ ከሰል ላይ ጣዱልኝ። እማዬ፣ ቅመሙ ሌላ ነው እንጂ ስልጆሽን አስታወሰኝ። ቅጠሉን እስኪላጥ ጠረግኩት።

ባልየው ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው "አበበ!" ብለው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ልጅ ነበሩ። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ጨርሶ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ሲሠራ በቴሌቪዥን አይተውታል። ሌላው ሯጭ ገና ስታዲየም አልገባም እኮ! ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተኝተው እግራቸውን ወደ ላይ እያነሡ አሳዩኝ። ሚስታቸው ተቆጧቸው።

ሦስተኛው ቀን ሺራካዋጎ የሚባል መንደር ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለሱ ነው።

ከታካያማ በአውቶቡስ 50 ደቂቃ ነው። መንገዱ ዋሻ በዋሻ ነው። ከመጨረሻው ዋሻ ስንወጣ ዓለሙ ነጭ ሆነ። በረዶው ከኔ ቁመት ይበልጣል። በመሀሉ ቤቶቹ ቆመዋል። አባዬ፣ የሣር ክዳን ነው! ከመቶ በላይ የሣር ክዳን ቤት! ጣሪያው እንደ ጸሎት እጆች ሽቅብ ገጥሟል፣ ጋሾ-ዙኩሪ የሚሉት የቤቶቹ ስምም ከዚያ ነው የመጣው። በረዶ እንዳይከመርበት 60 ዲግሪ ያህል ቀጥ ብሏል። ከላይ ሁለት ሦስት ፎቅ አለው፣ ድሮ የሐር ትል ያረቡበት ነበር።

ያደርኩት ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ነው። ከሰዓት በኋላ የቱሪስት አውቶቡሶች ሲሄዱ መንደሩ ጸጥ አለ። ባለቤቱ ወደ ላይ አወጡኝ። ጣሪያውን ከውስጥ አየሁት። ሚስማር የለም። በገመድና በተጠማዘዘ ለጋ እንጨት ነው የታሰረው፣ አንተ በልጥ እንደምታስረው። ለጋው እንጨት ሲደርቅ ይጠብቃል። አንድ ነገር ግን አንተም አታውቀውም። የጣሪያው ወራጅ እግሩ እንደ እርሳስ ተቀርጿል። የተቀረጸው ጫፍ አግዳሚው ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እንዲሁ ተቀምጧል። አልተመታም፣ አልተቸነከረም። ነፋስ ሲመጣ ቤቱ ትንሽ ይንቀሳቀስና ይመለሳል። ብዙ ቆሜ አየሁት። ጥቀርሻው እጄን አጠቆረው።

ታች መሀል ወለሉ ላይ ምድጃ አለ። ጭስ መውጫ የለውም። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ጭሱ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ነፍሳትን ያባርራል፣ ማሰሪያውን ያጠነክራል አሉ። እሳት ያልነደደበት ቤት ቶሎ ይበሰብሳል። እማዬ፣ ይህን ከአንቺ ሰምቼዋለሁ። "ጎጆ ያለ ጭስ ሬሳ ነው" ትይ ነበር፣ እኔ ዓይኔን እያሸሁ ሳለቅስ።

ጣሪያው በየ30 ወይም 40 ዓመቱ ይቀየራል። እንዴት መሰላችሁ? በወንፈል! እነሱ "ዩኢ" ይሉታል። ዛሬ ያንተን ቤት ሰው ይከድናል፣ ነገ አንተ ሄደህ ትከድናለህ። ከመቶ በላይ ሰው አንድ ላይ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አንዱን ጎን ይጨርሳል። ማን ስንት ቀን እንደሠራ ድሮ በደብተር ይጻፍ ነበር፣ ብድሩ እንዳይጠፋ። የጥቅምት በዓላቸው ላይ ደግሞ ያልተጠለለ ደፍራሳ የሩዝ መጠጥ ይጠጣሉ። ድፍድፍ በሉት።

ነገሩን ሁሉ እንዳላሳምርባችሁ። እነሱም ብዙ ቤት አፍርሰዋል። ግድብ ተሠርቶ መንደር ሰጥሟል። ቤቱ ተነቅሎ ተሸጧል። እዚህም በ1971 ያንኑ ቃል ገቡ፣ አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዩኔስኮ መዘገባቸው። አሁን መንግሥት ለክዳኑ ያግዛል፣ ቱሪስቱም ገንዘብ ያመጣል። እኛ ጋ ማን ይመጣል? የግጦሹ መሬት ታርሶ የክዳን ሣር እንደጠፋም አውቃለሁ። ለትልቁ ቤት ቆርቆሮ የላክሁት ራሴ ነኝ፣ አልጸጸትም። ያ ቤት በሐምሌ ያንጠባጥብ ነበር። የእማዬ ዓይን በጭስ እንደተጎዳም አልረሳሁም።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን። የላክሁት ገንዘብ ለሁለት ይከፈል። በግማሹ ለእማዬ ጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት በብሎኬትና በቆርቆሮ ይሠራላት፣ ከጎጆዋ አጠገብ። ወንድሜ ደስ ይለዋል። በሌላው ግማሽ ጎጆዋ ትከደን። ሣር ከቆላ በግዢ ይምጣ፣ ደቦ ይጠራ፣ ለደቦው ጠላና እንጀራ ይብቃ። እሳቱ በበዓል በበዓል ይንደድባት፣ ቡና ይፈላባት። አባዬ በሃያ ዓመቱ በእጁ የሠራት ናት። እኔም የተወለድኩባት።

ለገና ቶኪዮ ተመልሼ ከአገር ልጆች ጋር ዋልኩ። ዶሮ ወጥ ነበር፣ እንጀራው ግን የእማዬ አይደለም። ለእታለም ልጅ ከታካያማ ቀይ አሻንጉሊት ገዝቻለሁ። ፊት የለውም፣ አሠራሩ ነው፣ ተበላሽቶ አይደለም። ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ቶሎ እፈልጋለሁ። አባዬ፣ ምሰሶዋን በመጥረቢያ ጀርባ ከታች እስከ ላይ መታ መታ አድርጋት። ምስጥ ገብቶባት እንደሆነ ከድምፁ ታውቀዋለህ። እታለም፣ አንቺ ድምፁን በስልክ ቅጂና ላኪልኝ።

ልጃችሁ