ቀበቶ ሲቀየር ጉድለቱም ይጻፍ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ወርልድ ቴኳንዶ ከሚለማመዱት አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈው፣ የቀበቶ ፈተና ሲሰጥ ተፈታኙ ማለፉ ወይም መውደቁ ብቻ ተነግሮት የሚሰናበትበት ልማድ እንዲታረም ለመጠየቅ ነው።

እኔ ሰማያዊ ቀበቶ ከታጠቅሁ በኋላ ለወራት የዙር የእግር ምቴ ለምን ኃይል እንዳጣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። በመጨረሻ ስልኬን ጫማዬ ላይ አስደግፌ ራሴን ስቀርጽ፣ የቆምኩበት እግር ተረከዝ ወደ ዒላማው ሳይዞር ቀርቶ ዳሌዬን አስሮ እንደያዘው አየሁ፤ ጉልበቴን ያመኝ የነበረውም ለካ በዚሁ ሳቢያ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ መስመር አስምሬ፣ ከ20 ምት በስንቱ ተረከዜ በትክክል እንደዞረ በደብተር እመዘግባለሁ። የድካም ቀን ቁጥሩ ያሽቆለቁላል፤ እሱንም አልሰርዘውም።

የመጀመሪያው ፑምሴ (በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች ስብስብ)፣ ቴጉክ ኢል ጃንግ፣ 18 እንቅስቃሴዎች ብቻ ስላሉት ቅደም ተከተሉን በአጭር ጊዜ መሸምደድ ይቻላል፤ አጭሩን አቋቋም ከረጅሙ ለይቶ ክብደትን በሚገባ ማሳረፍ ግን ብዙ ወራት ይፈጃል፣ ይህንንም ልዩነት የቀበቶ ቀለም አያሳይም።

ስለዚህ ፈታኞች ለእያንዳንዱ ተፈታኝ፣ ያለፈውንም ጨምሮ፣ ጉድለቱን በሁለት ሦስት መስመር ጽፈው እንዲሰጡት እጠይቃለሁ። ለፈተና ከምንከፍለው ገንዘብ አንጻር አንድ ቁራጭ ወረቀት የሚከብድ አይመስለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ሠልጣኝ፣ ከድሬዳዋ