የሐሙስ ማታ ውይይት፦ በተልእኮ መስክ ጌታን መጠበቅ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በዚህ ሐሙስ የምንወያየው በባህል ተሻጋሪ አገልግሎት ጌታን በትዕግሥት ስለ መጠበቅ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ በዚሁ ግሩፕ በድምፅ እንገናኝ።

ሐዋርያት ሥራ 16፥6-10ን አንብባችሁ ኑ፤ ጳውሎስ ጢሮአዳ የደረሰው እስያም (የያኔው የሮም አውራጃ) ቢታንያም ተከልክሎ ነው። አሜሪካዊውን ሚስዮናዊ አዶኒራም ጀድሰንንም እናነሳለን፦ በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) የገባው በ1813 እ.ኤ.አ.፣ የመጀመሪያውን አማኝ ያጠመቀው በ1819። በመሐሉ ቋንቋ ተማረ፣ የማቴዎስን ወንጌል ተረጎመ። የዛሬ ላኪ አብያተ ክርስቲያናት ያለ ፍሬ ሪፖርት ይህን ያህል ይታገሡ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ፤ ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ።

መስክ ላይ ያላችሁ አንድ አንድ የጸሎት ርእስ አዘጋጁ፤ የምታገለግሉበት ቦታ ስም ግን አይጠቀስ። ጸሎቱን የሚመራም ሰው እንፈልጋለን።

የምትገኙ እስከ ረቡዕ ማታ «አለሁ» ብላችሁ መልሱልኝ።