አመዳዩ ሳይቀድምሽ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ስድቡን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ፣ አሁን ጊዜ የለም። ደብረ ማርቆስ ሌሊቱ ከርሯል፣ የእማማ ቀይ ጄራኒየም አበባ ደግሞ ዛሬም ደጅ ነው አሉኝ። እንዴት ዝም ልበል?

ሰማዩ የጠራና ነፋስ የሌለበት ሌሊት ነው የሚያሰጋው። ብርዱ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚተኛ ያ ከአጥሩ ሥር ያለው መደብ ቀድሞ ይመታል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ጠዋት ጠቁሮ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ እናቲቱ ተክል ብትሞትም ልጆቿን፣ ከእሷ የምትቆርጪያቸውን ጫፎች፣ አስገቢ።

አበባ ያልያዘ ጫፍ መርጠሽ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከአንጓው ዝቅ ብለሽ በስል ቢላ ቁረጪ። የደነዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። የታቹን ቅጠል አንስተሽ ከላይ ሁለት ሦስት ብቻ አስቀሪ። ከዚያ ጥላ ውስጥ አሳድሪው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ከተተከለ ከሥሩ ይጠቁርና መበስበሱ ወደ ላይ ይወጣል። አፈሩ ግማሹ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሹ የበሰለ ብስባሽ ይሁን። የቲማቲም ቆርቆሮ ይበቃል፣ ታቹን በምስማር ብሺው። አንድ ሁለት አንጓ ቅበሪና አንዴ አጠጥተሽ ተይው። ተይው ነው የምልሽ! ያንቺ ፍቅር በጆግ ነው። ጣትሽን ስታስገቢ አፈሩ ካልደረቀ ውሃ እንዳታስጠጊ። መጀመሪያ ሰሞን ቢጠወልግም አትደንግጪ፣ ላስቲክም አታልብሺው፤ ጄራኒየም ሲታፈን ይበሰብሳል። በወር ገደማ ቀስ አድርገሽ ሳብ ስታደርጊው እምቢ ካለ ሥር ይዟል።

መስኮት ሥር አስቀምጪው፣ ማታ ግን ከመስታወቱ አርቂው። ቀጥኖ ከተመዘዘ ብርሃን አንሶታል፤ ጫፉን ቀንጥቢው፣ ከጎን ያቆጠቁጣል።

በሶብላው ይቀላል። ያላበበውን ጫፍ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሚና በየሁለት ቀኑ ውሃውን ቀይሪ፤ ሥሩ 3 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ወደ አፈር። ጤና አዳሙን ተይው፣ ብርድ ይችላል። ውርጩ ሲያልፍ ደጅ ስትመልሻቸው ደግሞ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አትጣያቸው፤ ሳምንት ያህል ቀን ጥላ ውስጥ እያዋልሽ ማታ አስገቢ።

እና... እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ፦ ከምትቆርጪው ላይ ሁለቱን ለእኔ። እዚህ ዝቅ ያለ ስለሆነ አመዳይ አያሰጋም፤ እዚያ ቢጠፋ ዘሩ እኔ ጋ ይኖራል። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ በጋዜጣ ጠቅልለሽ፣ ላስቲክ ሳታስነኪ፣ ለሚኒባስ ሹፌር ስጪልኝ። ሲነሳ ደውዪ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበለዋለሁ።