ለቆዳው ማን ነገረው?

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጣትሽስ? ባለፈው ስንደዋወል «ቁስሉ እየጠገገ ነው» ካልሽኝ በኋላ «እንዲሞላ ግን ለቆዳው ማን ነገረው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አድበስብሼ አለፍኩሽ። ስልኩን ስዘጋ ቅር አለኝ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምለፋው እኮ በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ቁስል ሲኖር በአካባቢው «እደጉ፣ ተባዙ» የሚል መልእክት የሚያደርሱ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ። አንዱ ኢጂኤፍ ይባላል። ሳይንቲስቱ ስታንሊ ኮኸን ያገኘው ከአይጥ ምራቅ እጢ ነው። ገና ለተወለዱ አይጦች ሲወጋቸው ዓይናቸውን ከጊዜው ቀድመው ገለጡ! እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ሁሌ የሚደንቀኝ ምን መሰለሽ? ኢጂኤፍ መልእክቱን ለማድረስ ሴሉ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። የሴሉን ሽፋን ሰንጥቆ የቆመ ተቀባይ አለ፤ ራሱ ውጭ፣ ጅራቱ ውስጥ። ኢጂኤፍ ከውጭ ሲይዘው ቅርጹ ይለወጥና ከመሰሉ ጋር ይጣመራል። ከውስጥ ደግሞ ጅራቶቻቸው አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋሉ። በዚያች ምልክት ላይ ግራብ2 የሚባል ፕሮቲን ሶስ የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ይዞ ይቀመጣል። ሶስ ደግሞ «ራስ» የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። እንዲህ ሲቀባበሉ ቆይተው ወሬው ጂኖቹ ዘንድ ይደርሳል።

ይህን በዓይኔ አያለሁ፣ እማዬ። ሴሎቹን ያለ ሴረም (የእድገት መልእክት ካለበት የደም ፈሳሽ ውጪ) አሳድሬ፣ ጠዋት ኢጂኤፍ ጠብ አደርግባቸዋለሁ። አምስት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ስመረምር፣ በምርመራው ምስል ላይ ባዶ በነበረው ቦታ የፎስፌቱ ጥቁር መስመር ደምቆ ይወጣል። ስንት ጊዜ አይቼው አልጠገብኩትም።

ማቆሙም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል። ተቀባዩ ከነመልእክተኛው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ እዚያም ሆኖ ጥቂት ያወራል፣ ከዚያ ብዙው ይፈጫል። ዝም ማለት ሲያቅተው ነው ጣጣው። የአክስቴ የጡት ካንሰር እንደዚያ ነበር። ሄር2 የሚባል ተቀባይ ከልክ በላይ በዝቶ፣ ማንም ሳይጠራቸው እርስ በርስ እየተጣመሩ «ተባዙ» ይሉ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ጠብ ጠብ ሲል ታዪው የነበረው ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት ያንን ተቀባይ ነው ከውጭ በኩል የሚይዘው። ያኔ «ይሄ ውሃ የሚመስል ነገር ምን ያደርጋል?» ብለሽኝ ነበር። ይኸው፣ ዘግይቼም ቢሆን መለስኩልሽ።

ጣትሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቅርፊቱን ግን እንዳትልጪው፣ አደራ።

ልጅሽ