ከ48ቱ ክፍል 20ው የእኛ ነበር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ሙስሊም ሴቶች መብት የምታወጧቸውን ጽሑፎች ሳልዘል አነባለሁ። አብዛኞቹ ስለ ሒጃብና ስለ ጋብቻ ናቸው። እነሱም ቁም ነገር ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሲነሳም አላየሁም። ሴት ልጅ ከአባቷ ውርስ እንዴት እንደምትገፋ ማለቴ ነው። በኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

አባቴ ከሞተ 12 ዓመት ሆነው። አራት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ፣ ቀጥሎ እህቴ፣ ከዚያ እኔ፣ መጨረሻ ላይ ታናሽ ወንድማችን። አባቴ ደግ ሰው ነበር። እኔን እስከ ኮሌጅ አስተምሮኛል። እቴቴን ግን ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ በ15 ዓመቷ ዳራት። በእሷ ጊዜ “ለሴት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል?” ያሉትን ሰዎች ሰማቸው። በእኔ ጊዜ አልሰማቸውም። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ሞተ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ታላቅ ወንድሜ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። እናቴ ዒዳ ላይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በምትቆይበት የሐዘን ጊዜ ላይ ናት። እሷ፣ እቴቴና እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ከአባታችን የሚደርሰንን ድርሻ በሙሉ ፈቃዳችን ለወንዶቹ ትተናል ይላል። ለእኔ እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ለእናቴና ለእቴቴ የማኅተም ቀለም ቀረበላቸው። እቴቴ ስሟን መጻፍ ትችላለች። የጠየቃት ሰው የለም። አውራ ጣቷን ይዞ ቀለሙ ላይ የጫነው ወንድሜ ራሱ ነው። ጣቷን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው፣ አልለቀቀም። በማግስቱ ለፈጅር ዉዱእ ስታደርግ አየኋት። ሌላውን አካሏን ሦስት ሦስት ጊዜ አጥባ ጨርሳ ያቺን አውራ ጣት ደግማ ደጋግማ ታሻታለች። ሐምራዊው ቀለም ጥፍሯ ሥር ሰነበተ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ “ወዳችሁ ነው አይደል?” አሉን። ሦስታችንም ዝም አልን። “ዝምታ ፈቃድ ነው” አሉና ዱዓ አደረጉ። የጠቀሱት ሐዲስ ልጃገረድ ለጋብቻ ፈቃዷ ሲጠየቅ አፍራ ዝም ብትል ስለሚባለው ነው። ስለ ቤትና ስለ መሬት የተነገረ አይደለም።

ለምን ፈረምሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የተማርኩት። እስክሪብቶው በእጄ የነበረው። አንድ አባት ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው። እናትሽ ፊት ለፊትሽ ተቀምጣ በዓይኗ “እባክሽ፣ ቤታችን አይበተን” ትልሻለች። ወንድምሽን ልትከሺ ነው? ባልሽ ነው የላከሽ? የሰው ቤት ሄደሽ የአባትሽን ንብረት ለባዳ ልትሰጪ? እነዚህ ቃላት ሳይነገሩም ይሰማሉ። ከሁሉም በላይ አንድ ስሌት አለ። ሴት ልጅ ትዳሯ ቢፈርስ የምትመለሰው ወንድሟ ቤት ነው። ድርሻዋን የምትተወው ያ በር እንዳይዘጋባት ነው። እቴቴ ይህን በግልጽ ነግራኛለች፦ “ለክፉ ቀን ብዬ ነው” ብላ።

ክፉው ቀን መጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተፈታች። ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሦስተኛው ወር ላይ የወንድሜ ሚስት “እስከ መቼ ነው?” አለቻት። ወንድሜ እዚያው ነበር፣ ትንፍሽ አላለም። እቴቴ ያን ቀን ዕቃዋን ሰብስባ ወደ እኔ መጣች። የወጣችው በአላህ ሕግ የራሷ ድርሻ ካለበት ቤት ነው።

ያን ሰሞን ነው የውርስን ጉዳይ ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። እስከዚያ ቁርኣንን እቀራ ነበር እንጂ የውርሱ አንቀጽ ለምን እንደወረደ አላውቅም ነበር። ታሪኩን ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ625 መሆኑ ነው፣ የነቢዩ ባልደረባ ሰዓድ ኢብኑ ረቢዕ በኡሑድ ጦርነት ተገደለ። ሚስቱ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጣች። እነዚህ የሰዓድ ልጆች ናቸው፣ አባታቸው ከእርስዎ ጋር ወጥቶ ተገደለ፣ አጎታቸው ገንዘባቸውን ሁሉ ወሰደባቸው፣ ያለ ገንዘብ ደግሞ የሚያገባቸው የለም አለች። ከዚያ የሱረቱ አን-ኒሳእ የውርስ አንቀጽ ወረደ። ነቢዩ አጎትየውን አስጠርተው ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛውን ስጥ፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን ስጥ፣ የተረፈው ያንተ ነው አሉት።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ሰውየው ያደረገው ወንድሜ ያደረገውን ነው። ሴትየዋ የተቀመጠችው እናቴ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ነው። ልዩነቱ እሷ ተነሥታ መሄዷ ነው። አቤቱታዋን የሰማት ሰው ደግሞ ዝም ብለሽ ቤትሽን ጠብቂ አላላትም።

የእኛን ቤት እኔው አሰላሁት። የእናቴ አንድ ስምንተኛ ነው። የቀረው ለሁለት ወንዶችና ለሁለት ሴቶች ይከፈላል፣ ወንድ የሁለት ሴት ድርሻ አለው። ንብረቱ 48 ቦታ ቢከፈል ለእናቴ 6፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 14፣ ለእቴቴ 7፣ ለእኔ 7 ይደርሳል። ከ48ቱ 20ው የሦስታችን ነበር። በአንድ ፊርማና በሁለት አሻራ ሄደ።

ሴት ልጅ ለምን ግማሽ ታገኛለች የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። የቱኒዚያው ፕሬዚዳንት ቤጂ ካኢድ ኤሴብሲ እ.ኤ.አ. በ2018 እኩል ይሁን ብለው ሐሳብ አቅርበው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሞቱ፣ ሕጉም ሳይጸድቅ ቀረ። በክርክሩ የተማሩ ሰዎች ይግቡበት። እኔ ግን ግማሹ ይበቃል አይበቃም የሚለው ጥያቄ እኛ ቤት ገና አልደረሰም እላለሁ። እኛ ያገኘነው ባዶ ነው። “ሸሪዓው ለሴት ግማሽ ነው ያለው” ብለው አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ወንዶች ያንኑ ግማሽ የት አደረሱት? ከውርሱ አንቀጽ ቀጥሎ አላህ “እነዚህ የአላህ ወሰኖች ናቸው” ይላል፤ ወሰኑን ለሚተላለፍ ደግሞ እሳትን ይዝትበታል። ይህን ክፍል በለቅሶ ቤት ሲያነቡት ሰምቼ አላውቅም።

ችግሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2017 የውርስ ሕጓን አሻሽላ የወራሽን ድርሻ የሚከለክል ሰው ከ6 ወር በማያንስ እስራትና ከ20,000 እስከ 100,000 ፓውንድ በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ፣ እንዲቀጣ ደነገገች። ፓኪስታን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሴትን በማታለል ወይም በሕገወጥ መንገድ ከውርስ የሚነቅል ከ5 እስከ 10 ዓመት እንዲታሰር፣ ወይም 1 ሚሊዮን ሩፒ እንዲቀጣ፣ ወይም ሁለቱም እንዲደርስበት ሕግ አወጣች። ነገሩ ብርቅ ቢሆን ኖሮ ሁለት ትልልቅ የሙስሊም አገሮች ይህን ያህል ቅጣት አይጽፉም ነበር። እኔን ከሁሉ የገረመኝ የዮርዳኖስ ነው። እዚያ ሟቹ ከሞተ 3 ወር ሳይሞላ ድርሻን የመተው ውል እንዳይፈረም ደንብ ወጥቷል። ሦስት ወር! እኛ ሦስት ወር ቢሰጠን ኖሮ እናቴ እንቅልፍ ተኝታ ትነሣ ነበር። እኔም የማማክረው ሰው አገኝ ነበር።

ሌላም መንገድ አለ፣ የሴቶቹ ፊርማ እንኳ የማያስፈልገው። አባት በሕይወቱ እያለ ቤቱንም መሬቱንም በወንዶቹ ስም ያዛውረዋል። “ስጦታ ነው” ይላል። ሲሞት የሚወረስ ነገር የለም። ለዚህም መልስ አለው ሐዲሱ። የኑዕማን ኢብኑ በሺር አባት ለልጁ ስጦታ ሰጠ። እናትየው ነቢዩ ካልመሰከሩበት አልቀበልም አለች። ነቢዩ፣ ለሌሎቹ ልጆችህስ እንዲህ ሰጥተሃል? ብለው ጠየቁት። የለም አለ። አላህን ፍሩ፣ በልጆቻችሁ መካከል ፍትሐዊ ሁኑ አሉት። ለበደል እኔን ምስክር አታድርገኝ ማለታቸውም ተዘግቧል። ሰውየው ስጦታውን መለሰ። ምንጣፋችን ላይ ተቀምጠው የመሰከሩት ሁለት ሽማግሌዎች ይህን ሐዲስ አያውቁትም ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ሴት ልጅ ገንዘብ ብታገኝ ምን ታደርገዋለች ለሚሉም መልስ አለኝ። ፈጢማ አል-ፊህሪ በሞሮኮ ፌዝ ከተማ የቀረዊይን መስጊድን እ.ኤ.አ. በ859 የመሠረተችው ከአባቷ በወረሰችው ገንዘብ እንደሆነ ይተረካል። ዛሬ ድረስ ሰው ይሰግድበታል፣ ይማርበታል። እንግዲህ የፈጢማ ወንድም ወረቀት ይዞ መጥቶ ቢሆንስ?

ታናሽ ወንድሜን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ያን ማታ 16 ዓመቱ ነበር፣ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። አምና ሥራ ከያዘ በኋላ ቤቴ መጣ። እቴቴንና እኔን አስቀምጦ “ከናንተ ወደ እኔ የመጣው ሐላል አይደለም፣ አልበላውም” አለን። በየወሩ ለእቴቴ ይከፍላታል። የመጀመሪያውን ወር ገንዘብ ስትቀበል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አምጥታ ሰጠችኝና “ቁጠሪልኝ” አለችኝ። ቆጠርኩላት። “ደግመሽ ቁጠሪው” አለችኝ።

ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ። የሰዓድን ሚስት ታሪክ ጎላ አድርጋችሁ አትሙት። ኢማሞችም ጁሙዓ ላይ፣ በተለይም ለቅሶ ቤት ሲገቡ፣ ያንብቡት። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ወንድም ካለ ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ያንብቡት።

እናቴ ባለፈው ዓመት ወደ አኺራ ሄደች። አላህ ይማራት። ታላቅ ወንድሜን አሁንም ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፣ በዒድ እጁን እስማለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደሚያነበውም አውቃለሁ። የዚያን ወረቀት ቅጂ ከእናቴ ሳጥን ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ የሁለቱ አሻራ ቀለም ደብዝዟል። ሰኞ ጠዋት እቴቴና እኔ ይዘነው ቃዲው፣ የሸሪዓው ዳኛ ዘንድ እንሄዳለን። እቴቴ ስሟን ራሷ መጻፍ እንደምትፈልግ ነግራኛለች፤ ማታ ማታ ትለማመዳለች።

የሁለት ሴት ልጆች እናት